ብርድ እንዳይመጣ የታወጀበት ኩሬ

በአንድ የደጋ ኩሬ ውስጥ ዓይን የማያያቸው አረንጓዴ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖሩ ነበር። የሚገዛቸው ከላይ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ጉርጥ ነው። የአገሩ ሥርዓት ቀላል ነበር፦ ደቂቆቹ ፀሐይ እየሞቁ ይበዛሉ፣ ትሉ እነሱን ይበላል፣ ጉርጡ ትሉን ይበላል። ይህም ሰላም ይባል ነበር።

የአንዷ ደቂቅ ዕድሜ አንድ ቀን ቢሞላ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ትከፈላለች። ስትከፈል ግን የቀኑን ብርሃን ርዝመት ትዝታ ለሁለቱም ታወርሳለች። ቀን እያጠረ ከመጣ ውርጭ ተከትሎት ይመጣል፤ ስለዚህ በብርድ እንደ ቅቤ የሚረጋውን ቆዳቸውን እንደ ዘይት ያሳሱታል። ሥራው ጉልበት ይጨርሳል፤ ያን ሰሞን መብዛት የለም።

ጉርጡ ይህን ሰማ። እነሱ ካልበዙ ትሉ ሊከሳ፣ ትሉ ከከሳ የጌታ ሆድ ሊጎድል ነው፤ እንዴት ተደርጎ! ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቆዳ ማሳሳትም አድማ እንደሆነ አሳወጀ።

ስንዝሪት የምትባል ደቂቅ ግን ብርሃኑን ብትለካው ካለፉት ቀናት ሁሉ አጥሮ አገኘችው። ሸንጎ ቆማ ተናገረች። ዳኛው ትል ውርጭን በዓይኑ ያየ ምስክር ይምጣ አለ። አንድ ቀን ከሚኖር ሕዝብ መካከል ማን አይቶ! ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ አጠገቧ የሚንሳፈፍ ጠፋ።

ብቻዋን ቆዳዋን ማሳሳት ጀመረች። ያንገበገባት፣ ያን ዕለት ጠዋት ከእሷ ጋር አንድ አካል የነበረችው እህቷ ልምላሜ ስትሸሻት ነው። ተከትላ ደረሰችባት።

«የኔ አካል፣ የዛሬን ብቻ ስሚኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሪ።»

«እኔም ለክቼዋለሁ፤ አጥሯል» አለች ልምላሜ ቀስ ብላ። «ግን አንቺን ያደረጉሽን አየሁ። ብቻዬን መቅረት እፈራለሁ።»

እኔ አለሁልሽ አይደል ወይ ብትላትም ልምላሜ ወደ ብዙዎቹ ተመለሰች። ስንዝሪት ብቻዋን ማሳሳቷን ቀጠለች።

በዚያው ምሽት ጉርጡ ጭቃ ውስጥ ጠልቆ ተቀበረ። ለአገር ጉዳይ ነው ተባለ።

ሲነጋ ኩሬው በውርጭ ነጭ ሆኖ ተገኘ። የደቂቆቹ ቆዳ ረግቶ ተሰነጣጥቋል። ስንዝሪት እህቷን ፈልጋ አገኘቻት፤ ነካካቻት፣ ጠራቻት፤ የእሷም ቆዳ ተሰንጥቋል። እዚያው ተጠግታት አለቀሰች።

ረፋዱ ሲሞቅ ጉርጡ ከጭቃው ወጣና ድንጋዩ ላይ ተሰየመ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ብርድ እንዳልመጣና ሕዝቡም በደኅና እንዳለ የሚገልጽ ውሳኔ አነበበ።

«የሚቃወም አለ?»

«እኔ እቃወማለሁ» አለች ስንዝሪት።

የደቂቆች ድምፅ ድንጋዩ ዘንድ የሚደርሰው ሺህ ሆነው ሲጮኹ ነው፤ የአንዷ አልደረሰም። ጉርጡ የሙታኑን ዝምታ ጥቂት አዳመጠና ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን አስታወቀ።