የማሎቲ ጋሞሳ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ በህንድ አገር በአሳም፣ ብራህማፑትራ የሚባለው ወንዝ በየክረምቱ መሬቷን እየገመሰ የሚወስድባት አንዲት መንደር ነበረች። አንድ ክረምት ወንዙ ትምህርት ቤቱን ጠራርጎ ወሰደው። ለመንደሩ የቀረው የጋራ ቤት በእንጨት ቋሚ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ አንድ ክፍል ብቻ ሆነ። ሽማግሌዎቹም እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ በጸደዩ በዓል ጋሞሳ የሚደረብለት ሰው ክፍሉን ይውሰድ። ጋሞሳ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ የክብር ጨርቅ ነው። በዚያች መንደር ለዚህ ክብር የሚሸመነው በዓመት አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለት አይቀደድም።

ክፍሉን ሦስት ሰዎች ፈለጉት።

አንደኛዋ መምህርት ኒሩፓማ ናት። አሳምኛን ለልጆች የምታስተምርበት ጣሪያ አጥታለች። አሳምኛ የዘመናት መጻሕፍትና በሚሊዮን የሚቆጠር ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ነው። ሆኖም በቅኝ ግዛት ዘመን አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከገዛ ትምህርት ቤቱና ከገዛ ፍርድ ቤቱ ተባሮ የጎረቤት ቋንቋ ተተክቶበታል። በገዛ ቤቱ እንግዳ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ኒሩፓማንም ያንገበግባታል፤ ስለዚህ ከአሮጊቶች እግር ሥር እየተቀመጠች የእያንዳንዱን ዓሣና የእያንዳንዱን አረም ስም በደብተር ስትለቅም ኖራለች።

ሁለተኛው ታናሽ ወንድሟ ሆሬን ነው። እሱ ማስተማር የሚፈልገው ኤስፔራንቶን ነው። ይህን ቋንቋ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የዓይን ሐኪም፣ ሰዎች በቋንቋ ሰበብ እንዳይናናቁ ብሎ ሠራው። አገር የለውም፣ ጦር የለውም፤ ያለው በየአገሩ የተበታተነ ጥቂት ሰው ነው። እነሱንም ቢሆን አምባገነኖች አሳደዋቸዋል። ምን አድርገው? «ጤና ይስጥልኝ» ስላሉ! ተናጋሪዎቹ ሲዘዋወሩ አንዱ ሌላውን በነጻ የማሳደር ልማድ አላቸው።

እህቱ «እናት የሌለው ቋንቋ» እያለች ታበሽቀዋለች።

«ባይዴው» ይላታል፤ በአገራቸው ታላቅ እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። «እናት ስለሌለው እኮ ነው ማንንም የእንጀራ ልጅ የማያደርገው።»

ሦስተኛው ጀልበኛው ዶምቦሩ ነው። ወንዙ ጎጆውን ስለወሰደበት ከአሮጊት እናቱ ጋር ጀልባው ውስጥ ያድራል። «ሰው ሜዳ ላይ እያደረ ቃላት ቤት ውስጥ ሲያድሩ የት ታይቶ ያውቃል?» አለ። እኔም እውነቱን ነው እላለሁ።

ታዲያ ውሃው ገና ሳይጎድል፣ የዚያን ዓመት ጋሞሳ ለመሸመን ተራ የደረሳት ማሎቲ የአራት ዓመት ልጇን ረግረግ ዳር ወድቃ አገኘቻት። አፏ አረፋ ይደፍቃል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ውሃ ውጦታል። ከወንዙ ማዶ ግን አንዲት የሩቅ አገር ሐኪም ነበረች። የሆሬን እንግዳ ሆና ስትመጣ ጎርፉ አግዷት ነው እንጂ ያንን አገር አታውቀውም። ከአገሯ ቋንቋ ሌላ የምትናገረው ኤስፔራንቶ ብቻ ነው።

ዶምቦሩ እናቱን ዳር ላይ አውርዶ፣ ዛፍ ከነሥሩ በሚንከባለልበት ውሃ ውስጥ ገባ። ሐኪሟን ይዟት ተመለሰ። ጀልባው ግን ጎኑ ተሰንጥቆ ስለነበር እሷ መሬት እንደረገጠች ሰጠመ። 

ሐኪሟ ልጅቷን አይታ ተናገረች፤ ሆሬን ተረጎመ። «ሁለት መድኃኒት ይዣለሁ፤ ምን እንደ በላች ካላወቅሁ ግን አንዱ ሊገድላት ይችላል።»

ልጅቷ ከመንደሩ አሮጊቶች የለመደቻትን አንዲት ቃል አጉተመተመች። ማሎቲ ራሷን ነቀነቀች፤ ቃሏን አታውቃትም። ኒሩፓማ ግን ከአንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ሰምታ ጽፋታለች። «የድሮ ዓሣ አጥማጆች ቀጥቅጠው ውሃ ላይ የሚበትኑት፣ ዓሣ የሚያደነዝዝ ሥር ነው» አለች።

ኤስፔራንቶ ለዚያ ሥር ስም የለውም። ከየት ያምጣ? ሆሬን ግን ትናንሽ ቃላት ገጣጥሞ እዚያው «ዓሣ አስተኚ ሥር» የሚል አዲስ ቃል ሠራ፤ ሐኪሟም ገባት። ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጠቻት፤ ልጅቷ ዳነች።

ጸደይ መጣ፣ በዓሉም ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በጎርፉ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማ አንድ ሹም ፎቶ አንሺ አስከትሎ ከተፍ አለ። ሽማግሌዎቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ፈሩና ጋሞሳውን ለሹሙ ደረቡለት! እሱም አላፈረም፤ «ክፍሉን ለጽሕፈት ቤቴ ዕቃ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» አለ።

ማሎቲ በሕዝቡ መሐል ሰንጥቃ ሄደችና ጨርቁን ከትከሻው ላይ ገፈፈችው።

«ጌታዬ፣ ልጄ አረፋ ስትደፍቅ የት ነበሩ?» አለችው።

ሹሙ ፎቶ አንሺውን እየተቆጣ ሄደ። ይበለው!

ሽማግሌዎቹም አፍረው ምርጫውን ለሸማኔዋ ስለተዉላት፣ ማሎቲ ወደ ሦስቱ ዞረች።

«ልጄን ያተረፈልኝ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ሥሩን ባላውቀው ሐኪሟ ቆማ ታያት ነበር» አለች ኒሩፓማ።

«ሐኪሟን እዚህ ድረስ የጠራት፣ ያናገራትስ ማን ነው?» አለ ሆሬን።

ዶምቦሩ ጀልባው የሰጠመበትን በእጁ አሳየ። «እኔ ባላሻግራት ያ ሁሉ ቃላችሁ ለማን ይነገር ነበር?»

እናንተም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። የዶምቦሩ እናት ሜዳ ላይ ናቸው፤ ልጆቹ የአባቶቻቸውን ቃል ሊረሱ ነው፤ መንደሯን ከዓለም ጋር የሚያገናኛት የሆሬን አንደበት ብቻ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ዝናቡ ይመለሳል። ማሎቲ ጨርቁን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች።

ለማን ትደርብ?