ይታይህና የሸክላ ሠሪዋ ክንድ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት፣ የጥጃ እረፍት!

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ በአንድ ቆላ አገር አባ ጓንጉል የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። የተሰበረ ይጠግናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ። ይታይህና ቢሻው የሚባሉ ሁለት ተማሪዎችም ነበሯቸው። ይታይህ እጁ ፈጣን ነው፣ ልቡ ግን ችኩል ነበር።

ሦስት ዓመት ተማሩና አባ ጓንጉል ከገደል ወድቀው እግራቸው የተሰበረ ሁለት ፍየሎች ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጧቸው። ጠግኗቸው፣ ጠዋት ማታ ማሰሪያውን እየፈታችሁ እዩ፣ በአርባኛው ቀን አቁማችሁ አምጡልኝ አሏቸው።

ይታይህ የፍየሏን እግር ጠግኖ አሰረና የአጎቱ ልጅ ሰርግ ሄደ። እዚያም ሰነበተ። ሲመለስ እግሯ ጠቁሮ፣ ሸትቶ፣ እሷም ሞታ አገኛት። ደነገጠ። ከዚያም ቀበራትና ጋቢውን ሰጥቶ መልኳን የምትመስል ጤነኛ ፍየል ለወጠ። ቢሻው ይህን ሁሉ አይቷል። ይታይህ ግን ባልንጀራዬ ነህ፣ አታጋልጠኝ ብሎ ለመነው። አባ ጓንጉል ሲጠይቁም ቢሻው፣ አዎ፣ ጠዋት ማታ ሲያያት ነበር ብሎ መሰከረ። እሳቸውም አመኑና ይታይህን መርቀው ከወንዙ ማዶ ወዳለ መንደር ሰደዱት።

ጥቂት ሰነበተና በዚያው መንደር እታለማሁ የምትባል ሸክላ ሠሪ የሸክላ አፈር ስትቆፍር ተንሸራትታ ወደቀች። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ እጇ ነው። ይታይህ ተጠራ። አጥንቱን ገጠመና በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። በማግስቱ ሊያያት ቢመጣ ጣቶቿ አብጠው፣ በርደው ጠበቁት።

፦ ልጄ፣ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ስነካው አይሰማኝም፣ አለችው።

ይታይህ ማሰሪያውን ሊፈታ እጁን ዘረጋና መለሰ። ቢፈታው አጥንቱ ይለያይ ይሆን? ቢተወው ይሞት ይሆን? አያውቅም። ሊማር በሚገባው ጊዜ ሰርግ ቤት ነበራ። ደህና ነው፣ ይለቅዎታል ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን እምቢ አለው።

፦ እትዬ፣ እኔ አላውቅበትም። የኔታን አታልዬ ነው የተመረቅሁት። ሮጬ ልጥራቸው፣ አላት።

ሮጠ። ወንዙን ተሻገረና ለአባ ጓንጉል ከሰው ፊት ሁሉን ተናዘዘ። ቢሻውም አንገቱን ደፍቶ፣ እኔም በሐሰት መስክሬያለሁ አለ። አባ ጓንጉል በበቅሏቸው ገሰገሱ። ደርሰው ማሰሪያውን በጩቤ ቀደዱት። ከዚያም ተቀመጡና ጠበቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንሿ ጣቷ ሞቀች። ከዚያም የቀሩት ሞቁ። ክንዷን እንደገና አላልተው አሰሩትና ወደ ይታይህ ዞሩ።

፦ ፍየሏ ሞተችብኝ ብትለኝ ለምን እንደሞተች አስተምርህ ነበር። ስትዋሸኝ ግን የማስተምረው ሰው አጣሁ፣ አሉት።

ምርቃታቸውንም ወሰዱበት። ሁለቱም ትምህርቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ ተባሉ። ቀርከሃ እየሰነጠቁ፣ የበሽተኛ ልብስ እያጠቡ ጀመሩ።

የእታለማሁ ክንድ ሲድን ለማመስገን መጣች። ይታይህ አፍሮ ከጓዳ ተደበቀ። እሷ ግን አስጠራችው።

፦ ደህና ነው ብትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር፣ ልጄ። እጄን ያተረፈው አላውቅም ማለትህ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አለችው።

ይታይህ ተንበርክኮ ያን እጅ ሳመና አለቀሰ።

አምስት ዓመት አለፈና አባ ጓንጉል እንደገና መረቁት። የዚያን ቀን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወንዙን ተሻግሮ እታለማሁ ደጅ ቆመ። እሷም አላየችውም፤ በሁለት እጇ ጭቃ እየለወሰች ልጆቿን ታስቃለች። ቆሞ አያት፣ አያትና፦ ተመስገን፣ አለ።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ እናንተ መልሱልኝ፤ አፌንም በትኩስ ዳቦ አብሱልኝ።