ምራቂው ለማን ይጨመር?

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱም ሩቅ አይደለም፣ የቅዳሜ ገበያዋ ከራሷ በሚበልጥ በአንዲት የበርበሬ አገር ከተማ፣ ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ወንበር ተጣሉ። የምነግራችሁ እኔ የትምህርት ቤታቸው የበር ጥበቃ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳ ፈትሻለሁ፤ እንጀራዬ መጠርጠር ነው። ከሦስቱ አንዱንም አልወለድኩ፣ አንዱንም አልጠላም። ስለዚህ ኋላ «ለእገሌ አዳላ» እንዳትሉኝ።

ወንበሩ ምን መሰላችሁ? በዚያ ዓመት በኢኮኖሚክስ ፕሮጀክት አንደኛ ከወጣው ቡድን አንድ ተማሪ ተመርጦ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በትልቁ ከተማ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በነፃ እንዲማር ተፈቀደ። አንድ ብቻ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን ያለፉት አራት ልጆች ነበሩ። አራት! ከአዳሪው ግን የወደቀ አልነበረም። እንግዲህ ያ ወንበር ለአንድ ልጅ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የኢኮኖሚክሱ መምህር ዘርጋው ደግሞ ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ነው። እውነቱን ነው። በየዓመቱ «የሥራ አጥነት መንስኤዎች» የሚል ፕሮጀክት ከፎቶ ኮፒ ቤት እየተገዛ ይመጣለታል። አንዱማ የሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ስም ሳያጠፋ አስረክቦት ያውቃል! ስለዚህ ክፍል ገብቶ እንዲህ አላቸው።

«ርዕሱ ከገበያችን ይውጣ። በዓይናችሁ ያላያችሁትን አትጻፉ። እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ነው የምጠይቀው፤ የዋሸ ይወድቃል።»

ከዚያም ለየቡድኑ የትብብር ደብዳቤ አጻፈ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም አለበት። ይህችን ደብዳቤ አደራ ልብ በሉልኝ።

ርዕሱን የመረጠው ነስሩ ነው። ነስሩ ንግግሩ ችኩል፣ ዓይኑ ንቁ የሆነ ልጅ ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ለቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ምስር የሚገዛው እሱ ነው። ከሐያትና ከምንተስኖት ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጠው «የስንዴ ዋጋ ይሁን፣ የባጃጅ ታሪፍ ይሁን» ሲባባሉ ድንገት «ምራቂ!» አለ።

«ምራቂ ደግሞ ትምህርት ሆነ እንዴ?» ብሎ ምንተስኖት ሳቀበት።

«ስሙኝማ! የምስር ጣሳ ዋጋው ሦስት ወር አልጨመረም ይባላል። ጨምሯል እኮ! ድሮ ጣሳው ከተሰፈረልኝ በኋላ ሁለት እፍኝ ይመርቁልኝ ነበር። አሁን ቁንጥር ነው። ዋጋው በፊት ለፊት ሳይሆን በጓሮ በር ነው የገባው።»

ሁለቱም ተስማሙ። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴን ስለ ምራቂ ብጠይቃት «ዛሬ ነው የነቃኸው?» አለችኝ። ሐሳቡ እንዲህ ያለ ነበር። ነስሩ ግን ይህን ተናግሮ አንድም ቅዳሜ ገበያ አልወረደም። የሒሳብ ማጠናከሪያ አለብኝ አለ። ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? እሱን አላጣራሁም።

ገበያ የወረደችው ሐያት ናት። እናቷ እዚያው ገበያ ውስጥ ጨው ይሸጣሉ። ሐያት ከሃያ የምስር ሻጮች ምራቂ ለመለካት ሃያ ጊዜ መግዛት ነበረባት፤ በምን አቅሟ? ዘዴ ፈጠረች። የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳች «ምስራችሁን እኔ ልግዛላችሁ» አለች። ስድስት ቅዳሜ የሃያ ቤት ምስር በጀርባዋ ተሸከመች፤ ምራቂውን በሲኒ እየለካች ደብተሯ ላይ አሰፈረች።

ሥርዓት የምትወድ ልጅ ናት። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ከመግዛቷ በፊት ደብዳቤውን ዘርግታ «እትዬ፣ ለጥናት ነው» ትላለች። ሻጮቹ ጽሑፉን አያነቡም፤ ማኅተሙን ግን ያያሉ። ከጣሳዎቹ መካከል ደግሞ ስፍር እንዲያጎድል ቂጡ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ አይጠፋም፤ ምን ያለበት ዝላይ አይችልም። «ነይ የኔ እመቤት!» እያሉ ይዘግኑላታል። የምስር ተራው አንጋፋ እትዬ መይረም ብቻቸውን አራት ሲኒ ሙሉ መረቁላት። በስድስተኛው ቅዳሜ የሐያት ደብተር ምራቂ እንደ ቀነሰ ሳይሆን ከድሮው እጥፍ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። ከቡድኗ ሐሳብ ጋር እንደሚጋጭ እያወቀች ያየችውን ጻፈች። «ይህ ሁሉ ደግነት ዛሬ ከየት መጣ?» ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም።

ስድስቱ ቅዳሜ ሳያልቁ ዋጋውን የከፈሉት ግን እናቷ ናቸው። «የጨው ሻጯ ልጅ ለገቢዎች ትሰልላለች» ተባለ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሴቶች ሰላምታ ነሷቸው፤ ቦታቸውንም ገፍተው ገፍተው ቦዩ አፍ ላይ አደረሷቸው።

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብቴን አስጣልሽኝ!» ብለው አለቀሱ እናቷ። ሐያትም አብራ አለቀሰች፤ በጣም አዘነች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጆንያዋን ይዛ ወረደች።

ቁጥሯን ሲያይ ነስሩ ጤና አጣ። «ይህን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የጻፍሽው!» አላት።

«ያላየሁትን ልጻፍልህ?»

«ሻጮቹ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ለእነሱ ነው የቆምሽው!»

አላበቃም፤ መምህር ዘርጋው ዘንድ ሄዶ ከሰሳት። መምህሩም ጠርቶ እንደ ሌባ መረመራት። ስትወጣ እኔ በምጠብቀው በር በኩል ነው ያለፈችው፤ ዓይኗ ደም መስሏል፤ ቦርሳዋን ለመፈተሽ እጄ እንቢ አለኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ምንተስኖት ጽሑፉን እንዲያዘጋጅና እንዲያቀርብ የተመደበው ነው። ጽሕፈቱ ንጹሕ፣ አፉ ዝግ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ እኔ ሁለቴ ነው የምፈትሸው። ወይ ነስሩ በግትርነቱ ይዋሻል፣ ወይ ሐያት በድካሟ ትዋሻለች ብሎ ሁለቱንም ጠረጠረ። ለማንም ሳይናገር አንድ ቅዳሜ ዩኒፎርሙን አውልቆ፣ ደብዳቤውን ትቶ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ገበያ ወረደ። አክስቱ ምግብ ቤት አላቸው፤ የሳምንቱን ምስር አንድ አንድ ጣሳ እያደረገ ከነዚያው ከሐያት ሻጮች ከዘጠኙ ገዛ።

«ይመርቁልኝ እንጂ» ቢል አንዷ «ምራቂ? ወይ ዘመን አለማወቅ!» ብላ ሳቀችበት። ለሐያት አራት ሲኒ የመረቁት እትዬ መይረም ለእሱ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ጣሉለት። ልጁም ዘወር ብሎ ቆጠረው፤ አሥራ አንድ ፍሬ ምስር!

ገባው። ነስሩም አልተሳሳተም፣ ሐያትም አልዋሸችም። ምራቂን ከፍ ያደረገው ማኅተሙ ነው። ይህን ለጓደኞቹ ቢነግር ምን ነበረበት? አልነገረም። የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀዶ እንደገና ጻፋቸው።

በማቅረቢያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ፣ ዳኞቹ ከፊት ተቀምጠው፣ ምንተስኖት አነበበ። «ምስር ያው ነው፣ ሻጩም ያው ነው። ከተራ ገዢ ምራቂ ቀንሷል፤ ደብዳቤ ለያዘ ግን ጨምሯል። ስለዚህ በገበያችን ምራቂ የሚሰጠው ለተቸገረ ሳይሆን ለሚያስፈራ ነው።» ዳኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። አንደኛ ወጡ። ነስሩና ሐያት ግን የራሳቸውን ፕሮጀክት መደምደሚያ ገና መስማታቸው ነበር፤ ማጨብጨብ እንኳ አቃታቸው።

ጠቡ የፈነዳው እኔ የምጠብቀው በር ላይ ነው።

«ሌባ!» አለ ነስሩ። «ምራቂ ብዬ ባልጀምር ምን ታነብ ነበር? ደግሞ እሷን ባልጠረጥር አንተ ለማጣራት ትወርድ ነበር?»

«ጠርጥረኸኝ ነው ወንበር የሚገባህ?» አለች ሐያት። «ስድስት ቅዳሜ ጀርባዬ ተላጠ። እናቴ ቦይ አፍ ላይ ተቀምጣለች። የኔ ቁጥር ባይኖር የአንተ ዘጠኝ ጣሳ ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር፣ ምንተስኖት?»

ምንተስኖት ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ ባልወርድ የሱ ሐሳብ ውድቅ ነበር፣ ያንቺም ቁጥር ውሸት ይባል ነበር። ሁለታችሁንም ያዳንኳችሁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስትወርድ ለምን ደበቅከን?» አለችው ሐያት።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ብዬ ነበር። የትኛችሁ እንደሆናችሁ አላወቅኩም ነበራ!»

እንግዲህ ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባል የለ? እነዚህ ገና በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ተምረውታል፤ ያሳዝናል።

መምህር ዘርጋው የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ቅጽ ይዞ መጣ። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን አንድ ስም ካልተጻፈበት ወንበሩ ለሌላ ትምህርት ቤት ያልፋል።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይፍረዱልን» አሉት።

«እኔማ አልፈርድም። ያን ደብዳቤ ያጻፍኩት እኔ፤ ልጅቷን ያስለቀስኩም እኔ። እጄ ንጹሕ አይደለም» አለ። ደግ ነገር ነው የተናገረው፤ ከሱ አልጠበቅኩም ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱንም ይዞ፣ ምራቂ የሚያውቁት ይፍረዱ ብሎ፣ ምስር ተራ እትዬ መይረም ዘንድ ወረደ። እኔም ምስር ልገዛ በሚል ተከተልኩ፤ አትዘኑብኝ፣ መጨረሻውን ሳላይ አላድርም። መምህሩ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። እትዬ መይረም ስለ አራቱ ሲኒ ሲሰሙ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ፤ ስለ አሥራ አንዱ ፍሬ ሲሰሙ ደግሞ «ውይ! ቆጠርከው እንዴ?» አሉ። ቀና ብለው ወደ ቦዩ፣ ወደ ሐያት እናት ተመለከቱና ዓይናቸውን መለሱ። አፈሩ መሰለኝ።

ከዚያ ጣሳ አነሡ። የተቀጠቀጠውን ትተው ደህናውን ነው ያነሡት። ሦስት ጊዜ ሰፍረው፣ አፉን በመዳፋቸው ጠርገው፣ በሦስት ፌስታል ለሦስቱ ሰጡ።

«ይሄ የድካማችሁ ነው፤ እኩል ነው» አሉ። «ወንበራችሁ ግን ምራቂ ነው፤ ምራቂ ደግሞ ለሦስት አይካፈልም። ዛሬ ማኅተም የያዘ ስለሌለ ማንንም ፈርቼ አልሰጥም።»

እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተው አንድ እፍኝ ምስር ዘገኑ። መምህር ዘርጋው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ከፈተ። ነስሩ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ያዘ። ሐያት ፌስታሏን ከፍ አላደረገችም፤ እናቷን ታያለች። ምንተስኖት የእትዬ መይረምን ጣቶች ያያል፤ ምናልባት እየቆጠረ ነው። የእኩለ ቀኑ አዛን ተሰማ። የእትዬ መይረም እጅ ከሦስቱ ፌስታል በላይ እንዳለ ቆሟል፤ ምስሩ ከጣቶቻቸው መሐል አንድ አንድ ፍሬ እያመለጠ መሬት ይወድቃል።

እኔ እዚህ ላይ ተውኩት። «ኋላ ማን ሄደ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከነገርኳችሁ የተመረጠውን ታሞግሳላችሁ እንጂ አትፈርዱም። በሉ እናንተው ንገሩኝ፤ ማንንም ሳትፈሩ፣ ለማንም ሳታደሉ። ያ እፍኝ ከማለቁ በፊት እጁ የእናንተ ቢሆን፣ በማን ፌስታል ላይ ትከፍቱት ነበር?