ነጭ ጠመኔ፣ ቀይ ጠመኔ

አንድ ባቲላሜራ ሠሪ ነበር። የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ ማለት ነው። ስሙ ደምሰው ይባላል። ከመዶሻው ይልቅ ያስከበረው ግን ጆሮው ነው። አሮጌ መኪና ሲመጣለት በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና «ይሄ ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ይሄ በኋላ የተቀየረ ነው፣ ይሄ ስቱኮ ነው» ይላል። ስቱኮ የተጎዳ ላሜራ የሚደፈንበት ልጥፍ ነው፤ ደርቆ ቀለም ሲቀባ ብረት ይመስላል። ለማያምነው ሰው ደምሰው በጨርቅ የጠቀለላትን ማግኔት ከኪሱ ያወጣል። ብረት ላይ ትጣበቃለች፣ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ለማንም ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገርም አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሀብታም ነጋዴ አስጠራው። ግቢው ውስጥ አንዲት የድሮ የአሜሪካ መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ረጅም፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በደጉ ዘመኗ ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ ነበረች። ነጋዴው ሁለት ጠመኔ ሰጠው።

«ኦሪጅናሉን በነጭ፣ የተቀየረውን በቀይ አስምርልኝ። ቀይ ያረፈበት ሁሉ ይወጣል፣ ዋናው ከውጭ ይመጣለታል። እንደተወለደች ነው የምፈልጋት።»

«ሃምሳ ዓመት የኖረ እንደተወለደ አይገኝም፣ ጌታዬ» አለ ደምሰው።

«እሱን ለይልኝ ብዬ አይደል የጠራሁህ?»

ደምሰው ኳ ኳ እያለ ዞረ። ኮፈኑ ነጭ ሆነ። ጣሪያው ነጭ። የቀኝ በሩ ላይ ማግኔቷ ወደቀች፤ ቀይ። ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር አመሳከረ፣ ገጠመ፤ ነጭ። ከዚያ የፊት ግራ ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ፣ ፓራፋንጎው ጋ ደረሰና እጁ ቆመ።

አወቀው።

ዕቃ ከውጭ በማይገባበት ዘመን ይቺው መኪና ከግመል ጋር ተጋጭታ ደምሰው ይሠራበት የነበረ ጋራዥ መጥታ ነበር። የሥራ ጓደኛው ኡርጌሳ የዘይት በርሜል ቀዶ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀጥቅጦ፣ አንድ ማንኪያ ስቱኮ ሳያስነካው ይሄንን ፓራፋንጎ አወጣ። በርሜሉን ሲቀድ የተፈናጠረ ብረት አንድ ዓይኑን ወሰደበት። ሁለተኛውን የብየዳ ብልጭታ ቀስ በቀስ ጨረሰው። አሁን ኡርጌሳ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ደምሰው ጎራ ባለ ቁጥር «ያቺ መኪና አለች?» ብሎ ይጠይቀዋል። «አለች» ካሉት ሌላ አይጠይቅም። ፊቱ ፈታ ብሎ ይውላል።

ደምሰው ነጭ ቢያሰምርበት ማንም አያውቅም ነበር። ማግኔቷ ከዳር እስከ ዳር ትጣበቃለች። ቅርጹ ከቀኙ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ድምፁ ብቻ ትንሽ ይወፍራል፣ ጠርዙም ከውስጥ ሲዳሰስ የመዶሻ ምልክት አለበት። ያንን የሚሰማ ጆሮ በጋራዡ መንደር የቀረው የእነሱ የሁለቱ ብቻ ነው። ግን ነጭ ከሆነ ፋብሪካ ሠራው ሊባል ነው። ኡርጌሳ ዓይኑን የገበረበትን ሥራ ኡርጌሳን የማያውቅ ፋብሪካ ሊወስደው ነው። ይሄ ለደምሰው አልዋጥ አለው። የጓደኛው ስም አንድ ቀን እንዲነሳ ፈለገ። ቀይ አሰመረ።

«ይሄ ቀይ ይሁን እንጂ ከነጩ ሁሉ ይበልጣል» አለ። «ኡርጌሳ የሚባል ሰው ከበርሜል ያወጣው ነው። ይዳስሱት እስቲ። እሱ ባይኖር ይቺ መኪና ያኔውኑ ለቁራሌው ተሸጣ ነበር።»

«ኦሪጅናል ነው?»

«አይደለም፣ ግን…»

«የሰጠሁህ ሁለት ጠመኔ ነው። ግን የሚባል ጠመኔ አልሰጠሁህም።»

ደምሰው አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ሲፈታ ለኔ ይስጡኝ።»

«ውሰደው፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሰኞ ና።»

ሲመለስ ኡርጌሳ ጋ ጎራ አለ። «ፓራፋንጎህ ወደ ቤቱ ሊመጣ ነው» አለው።

«ምን አጥፍቶ ተባረረ?»

«ኦሪጅናል አይደለህም ተባለ።»

ኡርጌሳ ሳቀ። «እኔስ መቼ ኦሪጅናል ሆኜ ቀረሁ? ጥርሴ ሰው ሠራሽ፣ እግሬ የዱላ። ማነው የለየው?»

ደምሰው ጣቱ ላይ የቀረውን ቀይ ጠመኔ በሱሪው ጠረገ።

«አንተ ነህ። ሌላ ማን ያገኘዋል?» አልተቆጣም። እንዲያውም ደስ ብሎታል። «ስሜን ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እሰይ። በል አምጣልኝ። ዓይኔን የሰጠሁበት ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ እጄ ላይ ይረፍ።»

ሰኞ ጧት ደምሰው የእጅ ጋሪ ተውሶ ሄደ። ፈቺዎቹ እሁድን ሠርተው ጨርሰዋል። ነጩ ሁሉ ቦታው ላይ አለ፣ ቀዩ ሁሉ የለም።

«ቀይ ያለበትን ለብረት ተራ ጫኑ ተባልን፣ ጫንን» አለው ዘበኛው። «ላንተ የተባለው የትኛው እንደሆነ በምን እንለየው? ሁሉም ቀይ ነው።»

ጋሪውን እየገፋ ብረት ተራ ደረሰ። የፈለገው ብረት ጧት በመጀመሪያው ጭነት ወደ ማቅለጫው ሄዷል። ሰዎቹ የነገሩት እንደ ተራ ነገር ነው፤ ለነሱ ተራ ነገር ነበር።

ጋሪው ባዶ ነው። ኡርጌሳ ደግሞ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ እየጠበቀ ነው። ደምሰው የአሮጌ ብረቱ ክምር ፊት ብዙ ቆመ። በመጨረሻ የኡርጌሳን የሚመስል ግራ ፓራፋንጎ ጎትቶ አወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያንኳኳ ዕቃ ወሰደ።

«ይኸው» አለና የኡርጌሳ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

ኡርጌሳ ጠርዙን ያዘ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጀርባ በመዳፉ ቀስ እያለ ሄደበት። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ አንጓ አንዴ መታው። ደግሞ መታው። ድምፁ የታፈነ ነው።

«ደምሴ።»

«አቤት።»

«እኔ መቼ ነው ስቱኮ የቀባሁት?»

ኡርጌሳ ግድግዳውን በእጁ ፈልጎ ብረቱን አስደገፈው። «ተወው፣ ደክሞሃል። ሂድና እረፍ» አለው።

መኪናዋ ዋናው ዕቃ ከውጭ ይመጣል እየተባለ ጎንና ጎኗ እንደተገለጠ ቆማ ቀረች። ደምሰው ዛሬም እየመጣ ኡርጌሳ አጠገብ ይቀመጣል። ኡርጌሳ ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል፣ ስለ ሰው ጤና ይጠይቀዋል። ስለ መኪናዋ አይጠይቀውም። ደምሰው አንድ ነገር ባወራ ቁጥር ኡርጌሳ ጆሮውን ወደ እሱ ዘንበል ያደርጋል። በሆዱ እያንኳኳው እንደሆነ ደምሰው ያውቃል።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው። የሰውን ሥራ የምትለይበት ጠመኔ ሲሰጥህ ዳኛ የሆንክ አይምሰልህ። ዳኛው ጠመኔውን የሰጠህ ሰው ነው። አንተ ለክብር ብለህ ያሰመርከውን እሱ «ይጣል» ብሎ ያነበዋል። ነገር እንዳይወድቅ ተሸክሞ ያኖረ ሁሉ አንድ ቀን «አንተ ከመጀመሪያው አልነበርክም» ይባላል፤ ይሄን የሚያስቀር ጠመኔ እስካሁን አልተገኘም። እውነትህን ሁሉ ዋጋውን ለማያውቅ ከሰጠህ ደግሞ፣ ለወዳጅህ የሚተርፍህ ውሸት ብቻ ነው።

አንተስ፣ ዛሬ ቀይ ያሰመርክበት ሥራ የማን ነበር?