ሁለት ሰው የማያስገባው ኩሽና

አንድ ወይዘሮ ነበሩ፤ አስካለ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ኩሽናቸው ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራ፣ በሬ ቢገባበት ዞሮ የሚወጣበት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ከባለቤታቸው ከአቶ ገረመው ጋር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጡ።

የአዲሱ ቤት ኩሽና ጠባብ ነው። ጠባብ ሲባል እንዲሁ አይደለም፤ ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ግራና ቀኝ ሲዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካሉ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ገብቶ ለመዝጋት መጀመሪያ ሆድን መሳብ ያስፈልጋል። ከምድጃው አጠገብ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ እሷም የምትከፈተው ጎረቤት ሁሉ ወደሚተላለፍበት ኮሪደር ነው።

ወይዘሮ አስካለ ከዚያ ሰፊ ግቢ ሲወጡ ትተው የመጡት ነገር ቢኖር ግድግዳውን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ጭነው አመጡ። ድስት በድስት ውስጥ ገባ፤ መዘፍዘፊያ በመዘፍዘፊያ ላይ ተደረበ፤ ጀሪካኖቹ ወለሉ ላይ ተሰለፉ። ከሁሉም በላይ፣ በመደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ጎላው ተቀመጠ። ለሠርግና ለተዝካር ወጥ የሚሠራበት ትልቅ የብረት ድስት ነው፤ ሕፃን ልጅ ገላውን ሊታጠብበት ይችላል።

"አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?" ሲሏቸው አቶ ገረመው፣

"እንግዳ ቢመጣስ?" ይላሉ ወይዘሮ አስካለ። ነገሩ በዚያ ያበቃል።

አቶ ገረመው ጡረታ ወጥተው ሥራ ፈትተው ስለነበር፣ የኩሽናው መጥበብ ለእሳቸው ሲሳይ ሆነላቸው። ሜትራቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

"ይሄን እናፍርሰው" አሉ አንድ ቀን።

"ከዚያ ወዲያ እኮ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው።"

"እናናግራቸዋለን።"

"ምን ብለህ? ሽንኩርት ልትከትፍበት ነውና አልጋችሁን ጠጋ አድርጉላት ብለህ?"

አቶ ገረመው ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ። ለማፍረሻ ያዘጋጁትን መዶሻ ግን አልጋቸው ሥር አኖሩት።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ልጃቸው ይታገሱ ሚስት አገባ። ስመኝ ትባላለች። የራሳቸውን ቤት እስኪያገኙ ተብሎ ሙሽሮቹ እዚያው ከወላጆቹ ጋር ተቀመጡ። ስመኝ በማለዳ ተነስታ የኩሽናው በር ላይ ትቆማለች።

"እማዬ፣ ላግዝዎት?"

"ተይው ልጄ፣ ሁለት ሰው አያስገባም።"

በማግስቱም ትመጣለች። "እማዬ፣ ሽንኩርቱን እንኳ ልላጥልዎት?"

"የት ቆመሽ? ሁለት ሰው አያስገባም አልኩሽ እኮ።"

ወይዘሮ አስካለ በክፋት አይደለም። እውነትም አያስገባም ነበር። ስመኝ ግን ሳሎን ተቀምጣ ያልሠራችውን ምግብ እየቀመሰች ትተወው ጀመር። እያደር መጠየቋን ተወች። ወይዘሮ አስካለም "ጎሽ፣ ገባት" ብለው ደስ አላቸው።

አንድ ቀን ይታገሱ እናቱን ለብቻቸው አገኘና፣ "እማዬ፣ ቤት ልንከራይ ነው" አላቸው።

"ለምን? ምን ጎደለባችሁ?"

"ስመኝ እዚህ ቤት እንግዳ እንደሆነች ይሰማታል።"

ወይዘሮ አስካለ ደማቸው ፈላ። "እኔ ምን አደረግኳት? ከምግብ አጉድያለሁ? ክፉ ተናግሬያለሁ? ኩሽናው ጠባብ ነው እንጂ እኔ ነኝ ያጠበብኩት?"

ይህን ይበሉ እንጂ ወይዘሮ አስካለን ነገሩ ከነከናቸው። ስለዚህ የስመኝን ወላጆች እሑድ ምሳ ጠሩ። ልጃቸው በምን ዓይነት ቤት፣ በምን ዓይነት አማት እጅ እንዳለች በዓይናቸው ይዩ ብለው ነው።

እሑድ ደረሰ። የስመኝ አባት አቶ ደምሴና እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አምረውና ደምቀው መጡ፣ ሳሎን ተቀመጡ። ወጡ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ነው። ወይዘሮ አስካለ የኩሽናው ትርምስ ለእንግዳ እንዳይታይ ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ የክብር ሳህኖቹን ሊያወጡ ተንጠራሩ። ሳህኖቹ የነበሩት ከጎላው ሥር ነው።

የሆነውን ሳሎን ያሉት ያወቁት በድምፁ ነው። መጀመሪያ አንድ ክዳን ወደቀ። ቀጥሎ ብዙ ክዳኖች። ከዚያ ሕንፃው የተደረመሰ የሚመስል ጓጓታ ተሰማ። በመጨረሻ ዝም አለ፤ በዚያ ዝምታ መሃል አንዲት ሳህን ብቻዋን ስትሽከረከር ቆይታ ቆመች።

"አስካለ! ተርፈሻል?" ብለው አቶ ገረመው በሩን ገፉት። በሩ ጣት የምታስገባ ያህል ተከፍቶ እምቢ አለ።

"ተርፌያለሁ" አሉ ወይዘሮ አስካለ ከውስጥ። "ጎላው ግን በሩን ደግፎ ተቀምጧል።"

"ወደ ኋላ ግፊው!"

"ኋላው ጀሪካን ነው!"

"ጀሪካኑን አንሺው!"

"አንስቼ የት ላስቀምጠው? ራሴ ላይ?"

አቶ ደምሴ ኮታቸውን አውልቀው በትከሻቸው ገፉ። በሩ ንቅንቅ አላለም። አቶ ገረመው ዓይናቸው በራ። "ስለዚህ ግድግዳውን ማፍረስ ነው!" ብለው ወደ መኝታ ቤት ሮጡ።

"ገረመው! መዶሻውን ከነካህ፣ ከዚህ የወጣሁ ዕለት ወየውልህ!"

ይሄኔ ስመኝ ማንንም ሳታማክር ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ዞረችና በኩሽናው መስኮት ብቅ አለች። አማቷን ጀሪካንና መዘፍዘፊያ መሃል ቆመው፣ ነጠላቸው ላይ በርበሬ ፈሶባቸው አየቻቸው። መስኮቷ ሰው ለማስወጣት አትበቃም፤ ለወይዘሮ አስካለማ በፍጹም አትበቃም።

"እማዬ፣ ወጡ እያረረ ነው!"

"እጄ አይደርስም!"

ስመኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። በመስኮቱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ማማሰያውን ያዘችና፣ ኮሪደር ላይ ቆማ የአማቷን ወጥ ታማስል ጀመር። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው።

"ጨው አንሶታል።"

"አላነሰውም!"

"እማዬ፣ አንሶታል።"

ወይዘሮ አስካለ ባለፈው ሳምንት ቢሆን ኖሮ መልሳቸው ይታወቅ ነበር። አሁን ግን ማማሰያው በማን እጅ እንዳለ አዩ። "እስኪ ትንሽ ብቻ" አሉ።

ወጡ ከማረር ከተረፈ በኋላ ስመኝ፣ "በሉ እቃውን አንድ በአንድ በመስኮቱ ያቀብሉኝ። ቦታ ሲገኝ ጎላውን ይገፉታል" አለች። ወይዘሮ አስካለ ማቀበል ጀመሩ። ድስት የሌለው ክዳን ወጣ። ክዳን የሌለው ድስት ወጣ፤ ሁለቱን ሲያገናኟቸው አልገጠሙም። እጀታ የሌለው የሥጋ መፍጫ፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮዎች፣ ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል ወጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይደረድራሉ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

"ቤት እየለቀቁ ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"አይ፣ ምሳ እየቀረበ ነው" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

በመካከሉ ወይዘሮ አስካለ አንድ ካርቶን አቀበሉ። በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሪባኑ ያልተፈታ ነው። ስመኝ ተቀብላ አላስቀመጠችውም። ሪባኑን በጣቷ ዳሰሰች።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ። በእውነት ረስተውታል።

"ድስት ነው እማዬ። ወደዚህ ቤት ስገባ ያመጣሁልዎት።"

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ካርቶኑን አወቁት። ስመኝ ያንን ካርቶን በሁለት እጇ ይዛ በዚያው የኩሽና በር ላይ ቆማ እንደነበር ትዝ አላቸው። ተቀብለው፣ መርቀው፣ ከጀሪካኑ ኋላ ወሽቀውት ነበር።

"ንቄው አይደለም፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። "ለእንግዳ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እንግዳማ መጥቶ የለ እንዴ?" አለች ስመኝ። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣባት።

ጀሪካኖቹም ወጡ። ወይዘሮ አስካለ ጎላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጥግ አንከባለሉት። በሩ ተከፈተ። ስመኝ ዞራ አማቷን ልታወጣ ሮጣ ገባች፤ ወይዘሮ አስካለ ግን አልወጡም። ሪባኑን በጥርሳቸው በጠሱት፣ ድስቱን አጠቡት፣ ወጡን ገልብጠው አማሰሉት። ስመኝ ሳህኑን ታቀብላለች፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅም "እኔስ እጄን አጣጥፌ ልቁም?" ብለው ገብተው ሰላጣውን መክተፍ ያዙ።

ወይዘሮ አስካለ ልብ ያሉት ቆይተው ነው። ቀና ሲሉ ሦስት ሴቶች ውስጥ ቆመዋል፤ ማንም የማንንም እግር አልረገጠም።

ምሳው ቀረበ። ዝምተኛው አቶ ደምሴ ሁለተኛ ጊዜ አስጨምረው፣ "ይሄስ ጣት የሚያስቆረጥም ነው" አሉ።

"ጨዉን የጨመረችው ልጅዎት ናት" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "በመስኮት።"

በማግስቱ አማትና ምራት ኮሪደሩ ላይ በተከመረው እቃ ፊት ቆሙ። ስመኝ እያንዳንዱን እያነሳች፣ "ይሄን መቼ ነው የነካነው?" ትላለች። በየቀኑ የሚነካው ክንድ በሚደርስበት ቦታ ሆነ፤ ጭልፋውና ማማሰያው ግድግዳው ላይ ተንጠለጠሉ። በዓል ሲመጣ ብቻ የሚፈለገው ጣሪያው ሥር ወጣ። የማይነካው ለሚነካው ሰው ተሰጠ። ጎላው ለእድር ሄደ፤ እዚያ ሥራ አልፈታም። ከመስኮቷ ሥር ሲፈለግ የሚነሳ፣ ሳይፈለግ የሚታጠፍ መክተፊያ ጣውላ ተሠራ። አቶ ገረመውም ካቻቪቴያቸውን ይዘው በሩን ነቀሉና ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት። ግድግዳ እንዳፈረሱ ያህል ረኩ። ፌስታሎቹን ብቻ ማንም ከወይዘሮ አስካለ እጅ ሊያስጥላቸው አልቻለም።

ይታገሱና ስመኝ በዚያ ዓመት ቤት አልተከራዩም። እርግጥ ነው፣ አማትና ምራት በጨው ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አሁን ግን የሚጨቃጨቁት ጎን ለጎን ቆመው ነው።

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን "ቤቴ ጠበበኝ፣ ኑሮዬ ጠበበኝ" እንላለን። አንዳንዱ መዶሻ ያነሳል፤ አንዳንዱም ሰው ይሸሻል። ግን ያጠበበን ብዙ ጊዜ ግድግዳው አይደለም። አንድ ቀን ይመጣል ላልነው ሰው ያከማቸነው ነገር፣ ዛሬ የመጣውን ሰው በር ላይ አቁሞታል። ኩሽናም ልብም የሚሰፋው በሜትር አይደለም፤ ውስጡ ያለውን እያነሱ "ይሄ ለማን ነው?" ብሎ በመጠየቅ ነው።

እስኪ እርስዎም በርዎን ይመልከቱ። "ላግዝዎት?" እያለ ቆሞ መጠየቅ የሰለቸው ሰው ይኖር ይሆን?