ወፍራሙ ብረትና ወናፍ የነፋችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት በተጋመሰ በአንድ ሐሙስ፣ ቀጥቃጩ ጅብ ወናፍ የምትነፋለትን አህያ በንጉሡ ችሎት ከሰሳት። ክሱ አጭር ነበር። «ወናፉ ላይ ለገመች፤ እሳቱ ደከመ፤ የጌታችን ቢላ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ልብላት።»

አህያዋ ዳልቻ ትባላለች። ክሱን ስትሰማ አልፈራችም ቢባል ሐሰት ነው። ግን ንዴቷ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር። በንጉሡ በአንበሳ ዘመን የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ ጅብ የምትሠራለትን አህያ መብላት አይችልም። ሕጉ ክፍተት ነበረው፤ ሥራ ያበላሸችን አህያ አይጠብቅም። ዳልቻ ደግሞ ሥራ አላበላሸችም። በሕይወቷ ያበላሸችው ነገር ቢኖር የገዛ ጀርባዋን ነው።

ነገሩ የጀመረው ገደል ከገባ አንድ የጭነት መኪና ነው። ንጉሡ ግብር ሲያበላ ሥጋ የሚቆረጥበት፣ ክንድ የሚያህል ትልቅ ቢላ ታዝዞ ነበር። ቢላው ካማረ የአንድ በሬ ሻኛ ለጅብ ሊሰጠው ቃል ተገብቶለታል። ጅብና ዳልቻ ብረት ፍለጋ ወደ ገደሉ ወረዱ።

ከመኪናው ሥር ሁለት ዓይነት ብረት ነበር። አንዱ ባሌስትራው ነው፤ ተደራርቦ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም፣ ጠፍጣፋ፣ ከዳልቻ ኮቴ ጠርዝ ብዙም የማይወፍር። ሌላው አክስሉ ነው፤ ጎማና ጎማ የሚያገናኝ፣ የዳልቻን እግር የሚያህል ድፍን ብረት። ጅብ ባሌስትራውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፈና አክስሉን አቀፈ።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ያን ጠፍጣፋውን እንውሰድ» አለችው ዳልቻ። «ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሜ ነው ገደሉን የምወጣው?»

«ትልቅ ቢላ የሚወጣው ከትልቅ ብረት ነው።»

«ጀርባዬስ?»

«ጀርባሽማ ለዚሁ ነው የተፈጠረው። ደግሞ ከቢላው የሚተርፈው የኔ ነው» አለና ምራቁን ዋጠ። ብረት እንደማይበላ የረሳ ይመስል ነበር።

ዳልቻ ስለ ብረት የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ የተከራከረችው ለጀርባዋ ብላ ነው። እውነቱ ግን ወደ እሷ ያደላል። በእጅ የሚቀጠቀጥ ቢላ፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ የሚጀመረው ከሚፈለገው ውፍረት ብዙም ከማይርቅ ጠፍጣፋ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ቶሎ ይግላል፤ መዶሻ ሲያርፍበት ይታዘዛል። ለቀጥቃጩ የሚቀረው ጫፉን ማሾልና ስለቱን ማሳሳት ነው። ድፍን አክስል ትልቅ ምድጃና እየተፈራረቁ የሚመቱ ብዙ ጉልበተኞች ይፈልጋል። በጅብ ቤት የነበሩት አንድ ወናፍ፣ አንድ መዶሻና አንዲት አህያ ናቸው።

«ንፊ!» አለ ጅብ፣ ሥራው በተጀመረ ማግስት።

«እየነፋሁ ነው!»

«ንፊ አልኩሽ አንቺ!»

«ሳንባዬን አውጥቼ ልስጥህ?»

«ሳንባሽ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» አለ ጅብ፣ ሳያስበው ከንፈሩን እየላሰ።

ዳልቻ የፍየል ቆዳ ወናፉን በፊት እግሮቿ ተራ በተራ ትረግጣለች። ጭሱ ዓይኗን ለብልቦታል፤ ፍም እየዘለለ ደረቷ ላይ ያርፋል። አክስሉ ላዩ ቀላ። ጅብ በጉጠት ጎትቶ ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ ጣለውና መታው። ደግሞ መታው። ላዩ ተንቀሳቀሰ፤ ውስጡ ገና ስላልጋለ ንቅንቅ አላለም። ላዩ ወደ ፊት ሲሄድ መሃሉ ወደ ኋላ ስለቀረ የብረቱ ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ። ጅብ የተከፈተውን አፍ አየና የሚስቅበት መሰለው።

«ትስቃለህ? በእኔ ነው? ቆይ!»

ቅላቱ ጠፍቶ ብረቱ ሲጠቁር መምታቱን አላቆመም። ብረቱን ሰደበው፣ መስፉን ሰደበው፣ ከሰሉ የወጣበትን ዛፍ ሳይቀር ሰደበ። ለእጀታ ብሎ ማሳሳት በጀመረበት ቦታ ላይ፣ በስንት መከራ፣ ብረቱ እንደ አንገት ቀጠነለት። ወዲያው አንገቱ ላይ ስንጥቅ ወጣ።

በዚህ መሃል የንጉሡ አጋፋሪ፣ ቀበሮ፣ ቢላው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። ስንጥቁን አየ። ጅብን አየ። ከዚያ ወናፉን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ለመሆኑ እሳቱ በማን እጅ ነበር?»

«በእሷ» አለ ጅብ።

«እንግዲያማ» አለ ቀበሮ፣ ጭራውን ከከሰሉ አቧራ ሰብሰብ አድርጎ፣ «ሥራ ስለምታበላሽ አህያ የሚለውን ሕግ ታውቀው የለ?»

ጅብ አያውቀውም ነበር። ቀበሮ በጆሮው ነገረው። ጅብ ዞር ብሎ የዳልቻን ታፋ ተመለከተ፤ ንዴቱም በአንድ ጊዜ በረደለት።

የዳልቻ ንዴት የተነሳው ያን ጊዜ ነው።

ችሎቱ የተሰየመው ከወንዙ በላይ ባለው ሰፊ ዓለት ላይ ነበር። አንበሳ ከላይ ተቀመጠ፤ ቀበሮ ከጎኑ ቆመ። የተሰነጠቀው ብረት በኤግዚቢትነት ዓለቱ ጠርዝ ላይ ተጋደመ። የሰፈሩ እንስሳት ከኋላ ተሰብስበዋል።

«ከሳሽ፣ ተናገር» አለ ቀበሮ።

«ልግመኛ ናት ጌታዬ። እኔ ስመታ እሷ ታዛጋለች።»

«ውሸታም!» አለች ዳልቻ። «አፌን የከፈትኩት አየር አጥቼ ነው!»

«ተከሳሽ፣ ሳትጠየቂ አትናገሪ።»

«የምጠየቀው ከተበላሁ በኋላ ነው?»

እንስሳቱ ሳቁ። አንበሳ አልሳቀም። «ወናፉን ነፍተሻል ወይስ አልነፋሽም?» ሲል ጠየቃት።

«ነፍቻለሁ ጌታዬ። ኮቴዬን ይመልከቱት፤ ተልጧል።»

«የአህያ ኮቴ ድሮም የተላጠ ነው» አለ ቀበሮ፣ ወደ ንጉሡ ጎንበስ ብሎ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ዳልቻ ቀጥሎ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። ዞረች፤ የኋላ እግሮቿን አነሳችና ባላት ኃይል ሁሉ ብረቱን ረገጠችው። ብረቱ ከዓለቱ ጠርዝ ተንከባሎ ከታች ያለው ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ በተሰነጠቀው አንገቱም ለሁለት ተቀነጠሰ።

ሳቁ ቆመ። አንበሳ ራሱ ወረደና ስብራቱን አየው። ዙሪያው ተቀጥቅጧል፤ ስንጥቁ ከላይ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል። መሃሉ እሳትም መዶሻም ያልደረሰበት ድፍን ብረት ነው። ጅብ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

«ውይ! ይሄ ውስጡ ጭራሽ አልጋለም እኮ! ይህን እንኳን አንዲት አህያ፣ አሥር አህያም ነፍታ አታግለውም!» አለ። በራሱ ላይ መመስከሩን ያወቀው እንስሳቱ ሲንጫጩ ነው።

«አያችሁ?» ዳልቻ ጮኸች። «ጠፍጣፋው ብረት እዚያው ነበር! እባክህ ብዬዋለሁ! ሆዳም ስለሆነ ነው ትልቁን ያቀፈው፤ ሆዳም!»

ጅብ አፉን ከፈተ። ቀበሮን አየ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ጅብ አፉን ዘጋ።

«በቃ፣ ታውቋል» አለ አንበሳ። ጅብ ሆዳም መሆኑን አገር ስለሚያውቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገም። መዶሻውና መስፉ ተወረሱ። ራሱም ተገርፎ ከወንዙ ማዶ እንዲባረር፣ ቀጥቃጭነቱም ለከርከሮ እንዲሰጥ ተፈረደ። ዳልቻ ነፃ ወጣች፤ ወናፉን ለከርከሮ እንድትነፋ ታዘዘች። እንስሳቱ የንጉሡን ፍርድ እያደነቁ ተበተኑ። ዳልቻ ጅብ እያነከሰ ወንዙን ሲሻገር ቆማ አየችው፤ እሰይ አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ዳልቻ ከገደሉ ባሌስትራውን ተሸክማ አመጣች። ስትወጣ አላረፈችም፤ ማረፍ አላስፈለጋትም። ከርከሮ የሚበቃውን ያህል በመሮ ቆርጦ እሳት ውስጥ ከተተው። ዳልቻ ወናፉን ገና ጥቂት ስትረግጥ ብረቱ እስከ ውስጡ ቀላ። ከርከሮ ሲመታው ጫፉ ወዲያው ሾለ፤ ሲደግመው ሆዱ ተዘረጋ።

«ይኸውና!» አለ ከርከሮ፣ ላቡን እየጠረገ። «አየሽ እመት ዳልቻ? እንደ ሊጥ ይታዘዛል እኮ!»

ቢላው ቢላ መምሰል በጀመረበት ሰዓት ቀበሮ ደረሰ። ከኋላው ሁለት ጎሾች የመኪናውን ሁለተኛ አክስል እየጎተቱ ነበር። ከመጀመሪያው ይወፍራል።

«ያን ተወውና ይህን አንሳ» አለው ለከርከሮ። «ጌታችን ቢላዬ ከዚህ ይሁን ብለዋል።»

ከርከሮ አክስሉን ዞሮ አየው። «አጋፋሪ፣ ይሄ እኮ ያው ጅብ ያበላሸው ዓይነት ነው። እሱም ይህን አያህልም።»

«ከሳሳ ብረት የተሠራ ቢላ ለክብሬ አይመጥንም ነው ያሉት። እኔ መልእክተኛ ነኝ። ለጅብም የነገርኩት ይህንኑ ነው።»

ዳልቻ እግሯን ከወናፉ ላይ አነሳች።

«አንተ» አለችው። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለው። «ለጅብ ይህን ብለኸዋል?»

«ቃል በቃል። ከአክስሉ ሌላ ብታመጣ ቆዳህ ይገፈፋል ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ በችሎቱ ላይ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ቀበሮ። «ደግሞ ሆዳም ስለሆነ ነው ብለሽ የመሰከርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን አገባኝ?»

ዳልቻ ወደ ወንዙ ማዶ ተመለከተች። ማንም አልነበረም። ከርከሮ የተጀመረውን ቢላ ከእሳቱ አውጥቶ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ አክስሉን ከሰሉ ውስጥ ከተተው።

«እሳቱን ግን አደራ፣ እመት ዳልቻ» አለ ቀበሮ ሲወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ሲበላሽ ወናፍ የነፋችውንም መዶሻ የያዘውንም ከመክሰሳችን በፊት ብረቱን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ ከዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ቢሆን እንኳ፣ መጠየቅ እንዳለብን ነው።