የጋሽ አበጋዝ መንከሻ

በእኛ መንደር፣ ጅማ ውስጥ አናጢ በበዛበት ሰፈር፣ ካቻቪቴ እንኳ ቢሆን "እስቲ አውሰኝ" ሳይባል ከሰው ቤት አይወጣም። የተኛ ጎረቤቱን ቀስቅሶ መዶሻ የሚለምን ሰው ያየ እንግዳ ይስቃል። ይሳቅ። ለምን እንደምንለምን የሚናገር አባባል አለን። አባባሉን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሲያወሩት ያበላሹታል። አንዱ ጋኔን ይጨምርበታል፣ ሌላው ደም ያፈስበታል። እኔ መጥረጊያ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ስለዚህ ከእኔ ስሙት።

ይርዳው የሚባል አናጢ ወንድም አለኝ። ታላቅ እህቱ እኔ ነኝ። እሱ የቆረጠውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ፣ ሰጋቱራውን እጠርጋለሁ፣ ሲያጠፋም እሰድበዋለሁ። የሚሠራው ከቤታችን ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳላት አንዲት የጥልፍ መጋዝ ናት። ምላጯ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሽቅብ ቁልቁል እየተመላለሰ እንጨት መሀል አበባና ሐረግ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ማሽን ናት። ምላጩን ከላይና ከታች ነክሰው የሚይዙት ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሏት፤ እኛ መንከሻ እንላቸዋለን።

የዚህች ማሽን መንታ ከአጥር ወዲያ፣ ጋሽ አበጋዝ ቤት ነበረች። አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸውና ወንድሜ ሁለቱን በጨረታ ገዝተው በአንድ ጋሪ ነው ያመጧቸው። ለወንድሜ ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ላይ ጤና አዳም ሰክተው የሚውሉ፣ ሳቅ የማይወዱ፣ እጃቸው ግን የተባረከ ሰው ነበሩ። ኋላ በአንድ ደንበኛ ተቀያየሙ። "ነጠቅኸኝ"፣ "አልነጠቅሁም" ተባባሉና፣ በአጥሩ መሀል የሚመላለሱባትን ቀዳዳ ወንድሜ በእሾህ ዘጋት። ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይባባሉ ጋሽ አበጋዝ ታመው ሞቱ። ይርዳው ቀብር ወጥቶ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ድንኳን ገብቶ ሚስታቸውን እትዬ ምንታምርን "እግዜር ያጥናሽ" ማለት ግን አቃተው። እኔ ገብቼ ስወጣ፣ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ አናጢ ሲሞት ማሽኑን የራሱን ጋቢ ያለብሱታል። አርባው እስኪወጣ ማንም አይነካውም። ከዚያ የቤቱ ሰው ለሚገባው ሰው ከእጁ ያስረክበዋል፤ ተቀባዩም በሁለት እጁ ይቀበላል። ይህን ወንድሜ ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያ ሰሞን አቶ ነገዎ የሚባሉ ሰው ልጃቸውን ሌንሴን ሊድሩ ነበር። ልጅቷ የተወለደች ቀን የተከሏት ዋንዛ ነበረቻቸው። ለሠርጓ ዛፏን አስቆርጠው፣ አስደርቀው፣ አራት ሳንቃ አሸክመው መጡ።

"ለሙሽሮቹ ሁለት ወንበር፣ መደገፊያቸው ባለ አበባ" አሉ። "ሁለቱ ሳንቃ ለመደገፊያ ነው፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። ይርዳው ልጄ፣ ዋንዛ ገበያ ሞልቷል፤ ይቺን ግን ሁለተኛ አላገኛትም።"

"ግድ የለዎትም፣ በእኔ ይጣሉት" አላቸው።

ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው የወንድሜ ማሽን የታችኛዋ መንከሻ ተሰበረች። ተሰበረች እላለሁ እንጂ የሰበራት እሱ ነው፤ በጣት የሚጠብቀውን በፒንሳ አጠበቀው። በያጅ ጋ ወሰዳት፤ ቀልጣ ጠብታ ሆና ተመለሰች። በሽቦ አሰረ፤ ምላጩ ተፈናጥሮ ከጆሮዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰካ። መርካቶ ያለ ዘመዳችንን አስጠየቅን፤ "የዚህ ማሽን ዕቃ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ" አለን። ወንድሜ እህል መቅመስ ተወ። ያን እንጨት ይዞ ሠርጉ ቢያልፍ፣ በዚያ ከተማ ሥራ የሚሰጠው ሰው እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

"እትዬ ምንታምርን ለምናት" አልኩት። "መንታዋ እዚያ ቆማለች። አትከለክልህም።"

"በምን ፊቴ፣ እታለም?"

"የሰው ደንበኛ በወሰድክበት ፊትህ ነዋ።"

አንደበቴ ክፉ ነው፤ ያን ቀን ግን ባልተናገርኩ ኖሮ እላለሁ።

እሁድ ጠዋት፣ አርባው ሊወጣ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ምንታምር ቅዳሴ ሄደች። ወንድሜ ያን የዘጋበትን እሾህ ነቅሎ ገባ። ሲመለስ ክንዱ ተቧጭሯል፤ መንከሻዋን በመዳፉ ጨብጧል።

"ሰጠችህ?" አልኩት።

"እ" አለኝ።

እ ማለት አዎ አይደለም። ገብቶኛል፤ ግን ሠርጉ ደርሷልና እኔም ማወቅ አልፈለግሁም። ጥፋቴን አልደብቅም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ጋቢውን ከማሽኗ ላይ ሲገልጠው ሞቆ ነበር። ሰው አሁን ከላዩ ያወለቀው ጋቢ እንደሚሞቀው። በዚያች ክፍል ሠላሳ አራት ቀን ሰው አልገባም፤ ፀሐይም አይገባባትም።

ሰኞ የመጀመሪያውን ሳንቃ አስገባ። አበባውን በእርሳስ አሳምሮ ስሎታል። መንከሻዋ ልክ ገባች፣ ማሽኗም ተነሳች፣ ድምጿ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። እኔ የወንበሩን እግር እያለሰለስኩ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽታ መጣ።

"ይሸትሃል?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ጤና አዳም።"

"ሰጋቱራሽን ጥረጊ" አለኝ። እጁ ግን ለአፍታ ቆም ብሏል።

ሳንቃው ሲወጣ የተሳለው አበባ እንዳለ ቁጭ ብሏል። የተቆረጠው ከሱ አጠገብ፣ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የወይን ሐረግ ነው። ቅጠሉ ከቅጠሉ አይበልጥም፤ ጫፉ ላይ ግማሽ ወፍ አለች፣ ክንፍ የሌላት። ወንድሜ ወፍ ቆርጦ አያውቅም። "እጄን አዳልጦኝ ነው" አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚያዳልጥ እጅ የት አለ? እንዲህ ልለው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ማክሰኞ ሁለተኛውን አስገባ። ከጎኑ ሆኜ ምላጩን እንድጠብቅለት ለመነኝ፤ በዕድሜው ሙሉ ለምኖኝ አያውቅም። ምላጩ መስመሩን ይዞ ጥቂት ሄደና ወደ ግራ ታጠፈ። ሽታው እንደገና መጣ፣ ካለፈው ቀን በረታ። በዚህ መሀል የማዶው ወፍጮ ቀጥ አለ። ከራሳችን በላይ ያለው አምፖልም ጠፋ።

መጋዟ አልቆመችም።

"ይርዳው፣ መብራት ሄዷል" አልኩት።

"አያለሁ" አለኝ በቀስታ። "እታለም፣ ሳንቃውን እኔ አይደለሁም የምገፋው።"

እጆቹን አየሁ። እንጨቱ ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አይገፉም፤ እንጨቱ ከሥራቸው እየዞረ ይሄዳል። ሶኬቱን ነቀልኩት። ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ምላጩ ይመላለሳል፣ ሰጋቱራው እግሬ ላይ ይወርዳል። ፈራሁ፣ እናቴን ጠራሁ። ማሽኗ ግን ሳትቸኩል የመጨረሻዋን ቅጠል ዞረች፣ ጫፉ ላይ አንዲት ክንፍ ቆረጠች፣ ከዚያ ሥራውን ጨርሶ እንደሚያርፍ ሰው ቀስ ብላ ቆመች።

የቀሩት ሁለት ሳንቃዎች ብቻ ናቸው። ከእንግዲህ መጠባበቂያ የለም፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ሙሽራ ወንበር የለውም። ወንድሜ መንከሻዋን ፈታ፣ ሁለቱን የተበላሹ ሳንቃዎች በብብቱ ያዘ። በአጥሩ ቀዳዳ አልሄደም፤ ዞሮ በትልቁ በር አንኳኳ። እኔም ተከተልኩት።

እትዬ ምንታምር በጥቁር ልብሷ ወጣች።

"እትዬ፣ ሰርቄሻለሁ" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

"መች ጠፋኝ" አለችው። "ጋቢውን ገልብጠህ ነው ያለበስከው። ጥለቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"እስክትመጣ ነዋ" አለችና እንጨቶቹን አየች። ፊቷ ተለወጠ። "እስቲ ይዘኻቸው ግባ።"

ወደ ጋሽ አበጋዝ መሥሪያ ክፍል ወሰደችን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ያላለቀ የፎቶ ፍሬም ተቀምጧል፤ ሁለት ጎኑ አለ፣ ሁለት ጎኑ የለም። የወይን ሐረግ ነው። እትዬ ምንታምር የእኛን ቁራጮች ተቀብላ በባዶው ቦታ አስቀመጠቻቸው። ቅጠል ከቅጠል ገጠመ። ክንፏም ከወፏ ጎን ገባች፤ በመሀላቸው ጥፍር አይገባም።

እትዬ ምንታምር እጇን ከፍሬሙ ላይ አላነሳችም።

"የሠርጋችንን ፎቶ ላደርግልሽ እያለ ነበር" አለች ኋላ። "ሁለቱን ጎን እንደጨረሰ እጁ ከዳው። ለአርባው እንኳ ሳይደርስልኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለህ? ማሽኗ የይርዳው ናት አለኝ። ግን እንዳትልኪለት፤ ራሱ መጥቶ ይለምን፣ በዚያው እንታረቃለን አለኝ።"

ይርዳው ጉልበቷ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አጥር ለአጥር ሆነን ሁለት ዓመት መቃጠላችን ቆጨኝ። ለካ አንዲት ቃል ነበረች የቀረችን።

"እትዬ፣ መንከሻዋን አውሺኝ" አላት በመጨረሻ፣ ተንበርክኮ እንዳለ። ከእጁ ወሰደቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት፣ መልሳ አስቀመጠችለት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት።

"ለሠርጉ ይቺን ያዝ። ማሽኗን ከአርባው በኋላ ትወስዳለህ" አለችው።

ረቡዕና ሐሙስ ሁለቱን ሳንቃ ቆረጠ። ምላጩ ከእርሳሱ መስመር ፀጉር ታህል ፈቀቅ አላለም። በአፍንጫዬ ባሸት ባሸት ከዋንዛ በቀር ሌላ ሽታ የለም። ዓርብ አቶ ነገዎ ወንበሮቹን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ይርዳው የሁለቱን ሳንቃ ነገር አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። አመኑት አላመኑት እንጃ። "የት እንደገባ ልየው" አሉ እንጂ አልተቆጡም።

ቅዳሜ፣ የጋሽ አበጋዝ አርባ ሲወጣ፣ ፍሬሙ ፎቶውን ይዞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቫርኒሹን የቀባሁት እኔ ነኝ። አቶ ነገዎ ሐረጉን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ወፏ ድረስ ሄዱ። "ዛፌ ጥሩ ቤት ገብታለች" ብለው ተቀመጡ።

ቄሱ ጸበሉን ከቀመሱ በኋላ ፍሬሙን አይተው ተገረሙ። ጋሽ አበጋዝ በታመሙ ጊዜ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ጎዶሎውን በዓይናቸው አይተውት ኖሯል።

"ወለተ ማርያም፣ ይህን ማን ጨረሰው?" ብለው እትዬ ምንታምርን በክርስትና ስሟ ጠየቋት።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እትዬ ምንታምር ፎቶውን አየች፣ ቀጥላ ወንድሜን አየች፤ ከዚያ እስከ ዛሬ በሰፈራችን የሚባለውን ተናገረች፦

"አባቴ፣ ሳይለምኑ የወሰዱት ብረት ለባለቤቱ ይቆርጣል።"